የአውሮፓ መኖሪያ በኢንቨስትመንት፦ ከግሪክ ቤት ግዢ እስከ ዜግነት

«ይህን ያህል ይክፈሉ፤ በስድስት ወር የአውሮፓ ፓስፖርት እጅዎ ይገባል» የሚል ኤጀንት ካጋጠመዎት ንግግሩን እዚያው ይቁረጡት። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በግልጽ ዋጋ ተምኖ ዜግነት የሚሸጥ አገር የለም። በዚህ ገበያ ስሟ የገነነው ቆጵሮስ ነበረች፤ በ2020 የአልጀዚራ ጋዜጠኞች የፓርላማዋን አፈ ጉባኤ በድብቅ ካሜራ ከቀረጹ በኋላ በዚያው ዓመት በሯን ዘጋች። ቡልጋሪያ በ2022 ተከተለች። የቀረችው ማልታ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ሦስት ዓመት ከቆየ ሰው 600,000 ዩሮ፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆየ ደግሞ 750,000 ዩሮ ትቀበል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኤፕሪል 29 ቀን 2025 ይህ አሠራር የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል፣ ዜግነት በንግድ ውል ሊሰጥ አይገባም ብሎ ፈረደባት፤ ማልታም በዚያው ዓመት ሕጉን ሻረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀረው መንገድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ኢንቨስት አድርገው የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛሉ። ከዚያ በአገሩ ኖረው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ ግብር ከፍለው ዜግነት ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ደረጃ በገንዘብ ያልቃል፤ ሁለተኛው ዓመታት ይወስዳል፣ ማንም ሊያሳጥርልዎ አይችልም። ብዙ ወገኖቻችን የሚከስሩት የመጀመሪያውን ገዝተው ሁለተኛው አብሮ የመጣ ሲመስላቸው ነው።

የመኖሪያ ፈቃዱም በር ቢሆን እየጠበበ ነው። ብሪታንያ በ2022፣ አየርላንድ በ2023፣ ስፔን በኤፕሪል 2025 ዘግተዋል። ፖርቱጋል ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ቤት ገዝቶ ፈቃድ ማግኘትን ሰርዛለች። አሁን ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገዷ 500,000 ዩሮ በኢንቨስትመንት ፈንድ ማስቀመጥ ነው። የፖርቱጋል ትልቁ ማራኪ ነገር በአምስት ዓመት ለዜግነት ማመልከት መቻሉ ነበር፤ ነገር ግን ፓርላማዋ በኦክቶበር 2025 ጊዜውን ለአብዛኛው የውጭ ዜጋ ወደ አሥር ዓመት የሚያሳድግ ሕግ አጸደቀ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ደግሞ በዲሴምበር ከሕጉ የተወሰኑ አንቀጾችን ጣለ። እንዲህ በሚናወጥ ሕግ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ከማሳረፍዎ በፊት የዕለቱን ሕግ ከጠበቃ በጽሑፍ ይቀበሉ። እኔ እዚህ በዝርዝር የማየው ቤት በመግዛት አሁንም ፈቃድ የምትሰጠውን ግሪክን ነው።

መጀመሪያ፦ የሚፈልጉትን ይለዩ

የግሪክ የኢንቨስተር ፈቃድ፣ በተለምዶ ጎልደን ቪዛ የሚባለው፣ ለአምስት ዓመት ይሰጣል፤ ቤቱን እስካልሸጡ ድረስ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። በዓመት ይህን ያህል ቀን ግሪክ ውስጥ ይቀመጡ የሚል ግዴታ የለበትም። ካርዱን ይዘው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መንቀሳቀስ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሎ፣ ለማመልከቻ መልስ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞ፣ ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛ መስጠቱንም እንዳቆመ ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ ብቻውን ትልቅ ዋጋ አለው።

ካርዱ የማይሰጠውንም ይወቁ። ግሪክ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቅድም። የኩባንያ ባለ አክሲዮን መሆን ይችላሉ፤ ሆቴል ውስጥ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥረው ደመወዝ መቀበል ግን አይችሉም። ጀርመን ወይም ስዊድን ሄዶ መኖርና መሥራትንም አይፈቅድም። ዓላማዎ ሥራ ከሆነ፣ በሙያ የሚገኝ የሥራ ቪዛ ወይም ትምህርት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ያለዎትን ጥሪት ሁሉ ቤት ላይ አፍስሰው ሥራ በማይፈቅድ ካርድ አውሮፓ መግባት ቤተሰብን ችግር ላይ መጣል ነው። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ገቢው ሌላ ቦታ ለቆመለት ሰው ነው፦ ዱባይ ንግድ ላለው፣ አሜሪካ የሚከራይ ቤት ላለው፣ ወይም በርቀት የሚሠራ ድርጅት ለሚያስተዳድር።

በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖች ጉዳዩ ይገባኛል። እዚያ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ አሳድጎም ሰው እንግዳ ነው፤ ሥራ ወይም ንግድ ፈቃድ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ መኖሪያውም አብሮ ይቋረጣል። ለልጆቹ የተረጋጋ ቦታ የሚፈልግ አባት ወይም እናት ግሪክን ቢያስብ ትክክል ነው።

ሁለተኛ፦ የገንዘቡን ምንጭ በወረቀት ያስቀምጡ

ከቤት ፍለጋ በፊት የሚቀድመው ይህ ነው፤ የብዙ ሰው ጉዳይ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። የግሪክ ባንክ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። የደመወዝ ማስረጃ፣ የግብር ወረቀት፣ የድርጅት የሂሳብ ሪፖርት፣ የተሸጠ ቤት ውል፣ የውርስ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ከዚያም ገንዘቡ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የተዛወረበት የባንክ ስቴትመንት ያስፈልግዎታል።

እዚህ ላይ እኛን የሚጎዳን አንድ ልማድ አለ። ዕቁብ በወጣ ገንዘብ የተጀመረ ንግድ፣ ከዘመድ ያለ ውል የተበደሩት፣ በእጅ የተቀበሉት የሽያጭ ገንዘብ፣ እውነተኛ ላብ የፈሰሰበት ቢሆንም ለባንኩ ምንም ወረቀት የለውም። ዛሬ ዕቅድ ብቻ ያለዎት ሰው ከሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ገቢዎን በባንክ ያስገቡ፣ ግብሩን ያስታውቁ፣ የዕቁብ ገንዘብ ሲደርስዎ በስምዎ ባለ ሂሳብ በቼክ ወይም በዝውውር ይቀበሉ። ሁለትና ሦስት ዓመት ንጹሕ የባንክ ታሪክ ለዚህ ማመልከቻ ከማንኛውም አማላጅ ይበልጣል።

ገንዘቡ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ እውነቱን ልንገርዎ፦ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ካፒታል ወደ ውጭ አውጥቶ ቤት መግዛት አይቻልም። በጥቁር ገበያ «እዚህ ብር ስጠኝ፣ እዚያ ዩሮ ልስጥህ» ተብሎ የሚደርስ ገንዘብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስጠይቃል፤ አገር ቤት በውጭ ምንዛሪ ሕግ፣ ግሪክ በሕገ ወጥ ገንዘብ ቁጥጥር ሕግ። ግሪክ ቤት በጥሬ ገንዘብ መግዛትንም ከልክላለች። ስለዚህ ይህ መመሪያ በቀጥታ የሚጠቅመው ገንዘቡን ውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ላፈራ ሰው ነው።

ሦስተኛ፦ የቤተሰብ ሰነድና የስም ጉዳይ

በአንድ ቤት የትዳር ጓደኛዎ፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆችዎ፣ የእርስዎና የትዳር ጓደኛዎ ወላጆች ፈቃድ ያገኛሉ። ወላጆችን ማካተቱ ለእኛ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ወንድምና እህት ግን አይገቡም። ከልጅነቱ ያሳደጉት የወንድምዎ ልጅም በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ከሌለ ልጅዎ ተብሎ አይቆጠርም፤ በቤታችን ልጅ ቢሆንም።

የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያወጣሉ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡታል፣ ከዚያ ወደ ግሪክ ኤምባሲ ይወስዱታል። ትርጉሙ በግሪክኛ መሆን አለበት። የአውሮፓ ባለሥልጣን የእኛን የስም ሥርዓት አያውቅም። እርስዎ ተስፋዬ ከበደ ወልዴ ቢሆኑ፣ ልጅዎ ሳምራዊት ተስፋዬ ከበደ፣ ባለቤትዎ አልማዝ ታደሰ በቀለ ናቸው፤ በወረቀት ላይ ሦስት የማይገናኙ የቤተሰብ ስሞች ይመስላሉ። ለዚህ መፍትሔው በኢትዮጵያ የግል ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም እንደሚጻፍ፣ ሚስትም በጋብቻ ስሟን እንደማትቀይር የሚገልጽ ደብዳቤ ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስጽፎ ከፋይሉ ጋር ማያያዝ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈው የስም አጻጻፍም በፓስፖርት፣ በልደት ወረቀትና በባንክ ሂሳብ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ፊደል ሲለያይ ባንኩ «ሌላ ሰው ነው» ሊል ይችላል።

የልደት ቀንንም ይመርምሩ። በእኛ አቆጣጠርና በአውሮፓው መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ በትምህርት ማስረጃ በአንዱ፣ በፓስፖርት በሌላው የተጻፈ የትውልድ ዓመት ያላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ልጁ 21 ሊሞላው የተቃረበ ከሆነ ደግሞ ይህ ስሕተት ከፈቃዱ ሊያስወጣው ይችላል። ማረሚያውን አገር ቤት፣ ከማመልከትዎ በፊት ይጨርሱ።

አራተኛ፦ ከተማውንና ቤቱን መምረጥ

ግሪክ ይህን ፈቃድ በ2013 ስትጀምር ዋጋው በመላ አገሪቱ 250,000 ዩሮ ነበር። የቤት ኪራይ ንሮ የአገሬው ሰው ሲያማርር ደረጃ በደረጃ አሳደገችው፤ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ያለው ዋጋ ይህ ነው። አቴንስና ፒሬዎስ ባሉበት በአቲካ፣ በተሰሎንቄ፣ በሚኮኖስ፣ በሳንቶሪኒ፣ እንዲሁም ከ3,100 ሰው በላይ በሚኖርባቸው ደሴቶች (ቀርጤስና ሮድስ እዚህ ውስጥ ናቸው) 800,000 ዩሮ። በተቀረው አገር 400,000 ዩሮ። በሁለቱም ቤቱ አንድ ብቻ ሆኖ ቢያንስ 120 ካሬ ሜትር መሆን አለበት፤ ሁለት ትንንሽ ቤት ገዝቶ ዋጋውን መደመር አይቻልም።

250,000 ዩሮ ዛሬም አለ፤ የሚሠራው ግን የንግድ ወይም የኢንዱስትሪ ሕንጻ ወደ መኖሪያ ሲቀየር፣ ወይም በቅርስነት የተመዘገበ ሕንጻ ሲታደስ ነው። የአጠቃቀም ለውጡ ከማመልከቻው በፊት ማለቅ አለበት። ኤጀንቶች አሁን አጥብቀው የሚሸጡት ይህንን ነው፣ አደጋውም የሚበዛው እዚህ ነው፤ ገና ቢሮ በሆነ ሕንጻ ላይ ቀብድ ከፍለው ፈቃዱ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ሊጠብቁ ይችላሉ። የአጠቃቀም ለውጡ ተጠናቆ ወረቀቱ ሳይታይ ሙሉ ክፍያ አይፈጽሙ።

የእኔ ምክር፣ ልጆች ይዘው ለመኖር ካሰቡ፣ የ400,000 ዩሮውን ይመልከቱ የሚል ነው። ከጳውሎስ መልእክታት በስም የምናውቃት ቆሮንቶስ ከአቴንስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፣ ከአቲካ ውጭ ስለሆነችም የዝቅተኛው ዋጋ ክልል ናት። ፓትራ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ወደብ አላት። ካላማታ፣ ቮሎስና ካቫላም አሉ። ቤቱን ለቱሪስት በአጭር ጊዜ፣ በኤርቢኤንቢ አከራያለሁ ብለው ሒሳብ ከሠሩ ግን ያቁሙ፤ በዚህ ፈቃድ የተገዛ ቤት ለአጭር ጊዜ ኪራይ አይውልም፣ ከተያዘ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ 50,000 ዩሮም ይቀጣሉ። ለዓመት በውል ማከራየት ይፈቀዳል።

አምስተኛ፦ ግዢው

በቅድሚያ ጠበቃ ይያዙ፤ ቤቱን የሚሸጠው ኩባንያ የሚያቀርብልዎ ጠበቃ ግን አይሁን። ኤጀንቱ ከሻጩም ኮሚሽን ይቀበላል፤ ጠበቃውም ከዚያው ከመጣ ለእርስዎ የሚቆም ሰው የለም ማለት ነው። በከተማው የጠበቆች ማኅበር የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ። በውክልና መሥራት ይቻላል፦ ባሉበት አገር በግሪክ ቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ይሰጡታል። ውክልናው ምን ምን እንደሚፈቅድ በዝርዝር ይጻፍ፣ «ንብረቴን ሁሉ ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚል ሰፊ ውክልና ለማንም አይስጡ።

ጠበቃው አፊሚ የሚባለውን የግብር መለያ ቁጥር ያወጣልዎታል፣ የባንክ ሂሳብ ያስከፍታል፣ በመሬት መዝገቡ የቤቱን ዕዳና እገዳ ያጣራል። ከዚህ ሌላ መሐንዲስ ይቅጠሩ። ግሪክ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተሸፈነ በረንዳና የተጨመረ ክፍል በጣም የተለመደ ነው፤ መሐንዲሱ ሕንጻው ከፕላኑ ጋር እንደሚስማማ ካላረጋገጠ ኖታሪው ውሉን አያጸድቅም። የኖታሪው ሥራ እኛ አገር ውልና ማስረጃ እንደሚሠራው ነው።

ወጪውን እንዲህ ያስሉት። በ400,000 ዩሮ ቤት ላይ የስም ማዛወሪያ ግብሩ 3.09 በመቶ፣ 12,360 ዩሮ ይሆናል። የጠበቃ፣ የኖታሪ፣ የምዝገባና የደላላ ክፍያ ይጨመራል፤ በአገልግሎት ክፍያዎቹ ላይ 24 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በጠቅላላው ከቤቱ ዋጋ በላይ አሥር በመቶ ለብቻው ያስቀምጡ። ለማመልከቻው ባለ ንብረቱ 2,000 ዩሮ፣ እያንዳንዱ አዋቂ የቤተሰብ አባል 150 ዩሮ፣ ለካርዱ ኅትመት በነፍስ ወከፍ 16 ዩሮ ይከፈላል። ሁሉም የጤና መድን ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ኤንፊያ የሚባል የንብረት ግብር በየዓመቱ አለ።

ስድስተኛ፦ ማመልከቻና አሻራ

ውሉ ከተመዘገበ በኋላ ጠበቃው ማመልከቻውን በኢንተርኔት ያስገባል፣ እናንተ ቤተሰቡ ሁሉ በቀጠሮ ግሪክ መጥታችሁ አሻራ ትሰጣላችሁ። ለዚህ ጉዞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሁሉ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከላይ የጠቀስኩትን 45 ቀን አስበው ቀድመው ያመልክቱ። ካርዱ እስኪታተም ወራት፣ አቴንስ ላይ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይወስዳል። በመሀሉ የሚሰጠው ሰማያዊ ወረቀት ግሪክ ውስጥ በሕጋዊነት ለመቀመጥ ያገለግላል፤ ይህን ይዘው ወደ ሌላ የሸንገን አገር ለመሻገር አይሞክሩ።

ሰባተኛ፦ ከካርድ ወደ ዜግነት

ከዚህ በኋላ ያለው ገንዘብ የማይገባበት ነው። ግሪክ ዜግነት ለማመልከት ሰባት ዓመት በሕጋዊነት፣ በእውነት አገሪቱ ውስጥ መኖርን ትጠይቃለች። ካርዱን በኪስ ይዘው ዱባይ የኖሩባቸው ዓመታት አይቆጠሩም። በዓመት ከ183 ቀን በላይ የተቀመጠ ሰው የግሪክ ግብር ከፋይ ይሆናል፣ በዓለም ዙሪያ ያለው ገቢውም ለግሪክ ግብር ይታወቃል፤ የየዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ኋላ ለዜግነት ማስረጃ ስለሚሆን አንድም ዓመት አይዝለሉ። ስለያዙት የፈቃድ ዓይነትና ስለ ዓመታቱ አቆጣጠር ጠበቃዎን በመጀመሪያው ዓመት ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ፈተና አለ። ቋንቋን፣ ታሪክን፣ ጂኦግራፊን፣ ባህልንና የመንግሥት ሥርዓትን የያዘ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ የጥያቄዎቹ ስብስብ አስቀድሞ ስለታተመ መለማመድ ይቻላል። የቋንቋው ደረጃ ቢ1 ነው፣ ይህም ማለት ሐኪም ቤትና ቀበሌ ራስዎን ማስረዳት፣ ደብዳቤ ማንበብና መጻፍ ነው። ለአዋቂ ሰው ከባድ ነው፤ ሆኖም ፊደሉ አያስፈራዎ፣ የግእዝ ቁጥሮቻችን ራሳቸው ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው። ከመጀመሪያው ወር ጀምረው ትምህርት ይግቡ። ሰባተኛው ዓመት ላይ ልጀምር ያለ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ይጨምራል። የማመልከቻው ክፍያ 550 ዩሮ ነው፤ ከቤቱ ጋር ሲተያይ ምንም ነው፣ ፈተናውን ግን ማንም አይቀመጥልዎትም።

ለልጆች ሌላ፣ የተሻለ መንገድ አለ። ግሪክ ውስጥ ዘጠኝ የትምህርት ዓመት፣ ወይም ስድስት የሁለተኛ ደረጃ ዓመት በግሪክ ትምህርት ቤት የጨረሰና በሕጋዊነት የሚኖር ልጅ በዚያው መሠረት ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ልጅዎን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ውድ ትምህርት ቤት ከማስገባትዎ በፊት ያስቡ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነጻ ነው፣ ቋንቋውን ይሰጠዋል፣ ወደ ዜግነትም ያደርሰዋል። ቤተሰቡን ይዞ ለመኖር የቆረጠ ወላጅ የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ስምንተኛ፦ ከቃለ መሐላው በፊት

ግሪክ ጥምር ዜግነት ትቀበላለች፤ ኢትዮጵያ ግን አትቀበልም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የመኖሪያ ካርድ ብቻ መያዝ ይህን አያስከትልም፤ ስለዚህ የግሪክን ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ ኢትዮጵያዊ ነዎት። አሜሪካ ወይም እስራኤል ዜግነት የወሰዱ አንባቢዎች ይህን ቀድመው ያለፉበት ስለሆነ ለእነሱ አዲስ ነገር የለም።

ዜግነትዎን ሲቀይሩ አገር ቤት ያለ ንብረትዎን በተመለከተ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ። ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመሥራት፣ ቤት ለመያዝ ያገለግላል፤ ለመምረጥና ለመመረጥ ግን አያበቃም። ግሪክ ዜግነቱ በመንግሥት ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ቃለ መሐላውን ለመፈጸም አንድ ዓመት ትሰጣለች። በዚያ ዓመት ውስጥ አገር ቤት ያለውን ቤት፣ መሬት፣ ንግድ ፈቃድና ውርስ በስም በስሙ ዘርዝረው ከኢትዮጵያ ጠበቃ ጋር ይጨርሱ፣ ወላጆችዎንና የትዳር ጓደኛዎን አስቀምጠው ይነጋገሩ፤ ከቤተሰቡ ማን መሐላውን እንደሚፈጽም፣ ማን በመኖሪያ ካርዱ ብቻ እንደሚቀጥል አብራችሁ ወስኑ። አዋቂዎቹ ሁሉ አንድ ላይ እንዲቀይሩ የሚያስገድድ ሕግ የለም።